ከጋጣው ጀርባ የወጣው ጭስ

ዲኖን የዳርኩት እኔ ነኝ። እናቱ አይደሉም፣ የተላኩት ሽማግሌዎችም አይደሉም፤ እኔ ሀይሚ ነኝ። ያውም የወተት ጥርሴ ተነቅሎ ሳያልቅ፣ ያውም በእንግሊዝኛ።

ይህን ስናገር ሮቤ ውስጥ የሚስቅብኝ ብዙ ነው። ይሳቁ። ስምንተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ደብተሬን የዘጋሁ ልጅ፣ ዲግሪ የያዙት ሥራ ፍለጋ ሲንከራተቱ እኔ እንግዳ ማረፊያ በር ላይ ቆሜ ፈረንጅ የማስተናግደው በምን ይመስላቸዋል? በመልኬ? እሱም አለ፣ አልክድም። ግን በእንግሊዝኛዬ ነው። ደግሞ የትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ እንዳይመስላችሁ። እኔ የተማርኩት የሲጋራ እንግሊዝኛ ነው።

እናቴ ሸዋርጋ ያኔ ጎባ ውስጥ፣ ወደ ሳነቴ የሚያወጣው መንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበራት። ጠባብ ናት፣ ቆርቆሮዋ ዝናብ በነካት ቁጥር ሰው አታስወራም፤ ግን ቦታዋ ቦታ ነው። ወደ ተራራው የሚወጣ መኪና ሁሉ እኛ ጋ ይቆማል። ከእኛ በኋላ ብርድና ቀይ ቀበሮ እንጂ ሻይ የለማ! ከሻይ ቤቱ ጀርባ ግቢ አለ፤ ግቢው ጥግ ላይ የፈረስ ጋጣ፣ ከጋጣው አጠገብ ደግሞ ዲኖ የተከራያት አንዲት ክፍል።

ዲኖ ፈረስ እያከራየ ፈረንጆችን ተራራ የሚያወጣ ጎረምሳ ነበር። ትምህርት ቤት የገባው ለመውጣት ነው፣ ልክ እንደ እኔ። እንግሊዝኛውን የለቀመው ከመንገድ ነው። ፈረንጅ ደግሞ ፈረስ ላይ ሆኖ አያወራም፤ እንዳይወድቅ ነው የሚያስበው። የሚያወራው ወርዶ፣ ወገቡን ይዞ፣ ሲጋራውን ሲለኩስ ነው። ስለዚህ የዲኖ እንግሊዝኛ ከዳር እስከ ዳር ሲጋራ ሲጋራ ይሸት ነበር።

እኔ ደግሞ እግሬ አንድ ቦታ የማይቀመጥ ልጅ ነበርኩ። እማዬ ዕቃ እጠቢ ስትለኝ ጋጣው ውስጥ ነኝ። ዲኖ ፈረሶቹን እያሻሸ ያስተምረኛል።

«ካን አይ በም ኤ ስሞክ? በዪ።»

«ካን አይ በም ኤ ስሞክ?»

«እንደሱ አይደለም፣ ፖሊስ አስመሰልሽው። ፈገግ ብለሽ። አንዲት ሲጋራ ጣል አድርግልኝ ማለት ነው። እንደማትመልሽለት እሱም ያውቃል፣ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ግን ጓደኛሽ ነው።»

«ጋት ኤ ላይት?» እሳት ይዘሃል ወይ ነው። «ስታብ ኢት አውት!» ሲል ጫማውን መሬት ላይ ያሽከረክራል፤ ተርኩሰው፣ አጥፋው ማለት ነው። «ሂ ስሞክስ ላይክ ኤ ቺምኒ» እንደ ጭስ ማውጫ ያጨሳል። ጭስ ማውጫ ምን እንደሆነ ስጠይቀው ዙሪያውን ቃኘና የሚያሳየኝ አጣ። «በቃ፣ እንደ እናትሽ ማድ ቤት በዪው» አለኝ።

ያገኘሁትን ሁሉ የትም እረጨዋለሁ። አንድ ቀን የእንግሊዝኛ መምህራችን ጋሽ ገብረ መድኅን በ‹አይ አም› የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ሥሩ አሉን። ልጁ ሁሉ «አይ አም ኤ ስቱደንት» ይላል፣ ሌላ የለም። ሰለቸኝ። ተነሣሁና «አይ አም ዳይንግ ፎር ኤ ስሞክ» አልኩ። ሲጋራ አምሮኝ ልሞት ነው፣ ማለቴ ነው። ጋሽ ገብረ መድኅን ጠመኔውን ጣሉት። እናቴ ተጠራች።

«ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነው ወይዘሮ ሸዋርጋ» አሏት። «ልክ ያልሆነችው ልጅቷ ናት።»

እማዬ ቤት ስንደርስ እኔን በቁንጥጫ፣ ዲኖን በአፏ ለበለበችን። እሱ ግን ለፈረሱ ጆሮ እየነገረ ይስቃል።

ከዚያ ፈርዶሳ መጣች። የጊኒር ልጅ ናት፤ ጎባ የመጣችው ነርስነት ልትማር ነው። እኛ ጋ ሻይ ትጠጣለች፣ ዲኖ ደግሞ እሷ ሻይ በጠጣች ቁጥር ፈረሶቹን አሳምሮ ግቢ ውስጥ ያዞራል። ፈረስ ማዞር ምን ይሠራላታል ብዬ ይገርመኝ ነበር። ብቻ ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌ ወደ ጊኒር ተላከ። መልሱም ዘገየ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ የእማዬንና የዲኖን ወሬ እሰማለሁ።

«አባቷ ሀጂ አብዱልሃኪም ቀልድ አያውቁም» ይላል ዲኖ። «አጫሽ ልጄን አያገባም ብለዋል። አለቀ።»

«ታዲያ አቁመህ የለም እንዴ?»

«ወላሂ አቁሜያለሁ። ግን ግንባሬ ላይ አልተጻፈ! ያጣራሉ እኮ እትዬ ሸዋርጋ። የጊኒር ሰው እንዲሁ ልጅ አይሰጥም። ሻይ ጠጪ መስሎ ሰው ይመጣል፤ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ሕፃን ይጠይቃል። ሕፃን አይዋሽም ብለው።»

«የኔዋን ከጠየቁማ ጠፋህ።»

«አትሳቂብኝ። ይሄ ነገር ካልሆነ እኔ አረብ አገር ነው የምሄደው። በእግሬም ቢሆን።»

ጠረጴዛው ሥር ሆኜ እርሳሴን ነከስኩት። ከወሬው ሁሉ ሁለት ነገር ብቻ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ፤ ሰላይ ሊመጣ ነው፣ ዲኖ ሊሄድ ነው። ዲኖ ከሄደ ማን ያስተምረኛል? ማን ፈረስ ላይ ያወጣኛል? ከዚያን ቀን ወዲያ እንቅልፍም ምግብም እየሸሸኝ በር ላይ ቆሜ የሚገባውን ሁሉ አየሁ። ሰላይ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም ነበር። በፊልም እንዳየሁት ጥቁር መነጽር ያደርጋል ብዬ ደመደምኩ።

ሌላም ጣጣ ነበር። ክላራ የምትባል ፈረንጅ የእንስሳት ሐኪም። ተራራው ሥር ባሉት መንደሮች እየዞረች ውሻ ትከትባለች፤ የውሻ በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮዎቹ እንዳይሻገር። መኪናዋ በር ላይ ትልቅ የውሻ ሥዕል አለ። ድሮ ከዲኖ ጋር አብረው ያጨሱ ነበር፤ በኋላ አብረው አቆሙ፣ ቀድሞ የተመለሰ ፀጉሩን እንዲላጭም ተወራረዱ። «ኪክ ዘ ሀቢት» የሚለው ከእሷ የመጣ ነው፤ ልማዱን በእርግጫ ማለት። ያቆመ ሰው ሲመለስበት ደግሞ «ፎል ኦፍ ዘ ዋገን»፤ ከጋሪ ወደቀ። ይቺኛዋን ወደድኳት። ጎባ ውስጥ ከጋሪ የወደቀ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ክላራ ከተራራ በወረደች ቁጥር የዲኖን እጅ ትይዝና ጣቶቹን ታሸታለች። እኔ የፈረንጅ ሰላምታ መስሎኝ አንድ ቀን እጄን ዘረጋሁላት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ አሸተተችና «ኦኒየን» አለችኝ። ሽንኩርት። ለካ ሲጋራ እየፈተሸች ነው። ይሄ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስንቱን ፈረንጅ እጁን እንዳሸተትኩ አትጠይቁኝ።

ታዲያ ያ ቀን መጣ። ጉሙ ገና አልተገፈፈም፤ መንገዱ ላይ የሚያልፈው ጋሪ ድምፁ እንጂ ራሱ አይታይም። ዲኖ ለፈረሶቹ ገብስ ሊገዛ ገበያ ሄዷል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ተቀምጧል።

አንዱ ጥቁር የቆዳ ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ ነው፤ በዚያ ጉም ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጓል! ይሄው ሰላዩ! ሁለተኛው ከሮቤ በመጣው ሚኒባስ የወረዱ ሽማግሌ ናቸው። ወፍራም ካፖርት፣ ነጭ ኮፍያ፣ ከዘራ። ፂማቸው በሥርዓት ተከርክሟል። ሻያቸውን ስኳር አብዝተው ይጠጣሉ፣ ግን እንደ እኔ አይቀመጡም፤ ይነሣሉ፣ በጓሮው በር ያያሉ፣ ይመለሳሉ፣ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። እንዴት ደስ የሚሉ አባባ አልኩ በልቤ።

«ኮቱ ኢንታሎ» አሉኝ፤ ነይ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። «ከዚህ ጀርባ ምንድነው ያለው?»

«ጋጣ ነው አባባ። የዲኖ ፈረሶች ናቸው።»

«ሰው አለ?»

«ማንም የለም። ዲኖም ገበያ ሄዷል።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። መጸዳጃ ቤት አስቸኩሏቸው ነው አልኩ። «በዪ ክብሪት ስጪኝ። ጥርሴ ውስጥ የገባ ነገር አለ።»

ሰጠኋቸው። ለጥርስ አንድ እንጨት ይበቃ ነበር፤ እሳቸው ሳጥኑን እንዳለ ይዘው በጓሮው በር ወጡ። የእኔ ልብ ግን እዚያ አልነበረም፤ ዓይኔ ባለጃኬቱ ላይ ነው። እሱም ጠራኝ።

«ሚጡ፣ ዲኖ የሚባል ባለፈረስ እዚህ ነው የሚኖረው?»

መጣ! «ዲኖ ሲጋራ አያጨስም!» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። «እ?»

«አጭሶም አያውቅም። አይቶም አያውቅም። ሲጋራ ቢያይ ምን እንደሆነ ይጠይቃል።»

«ስለ ሲጋራ ማን አነሣ? እኔ የፈለግኩት…»

«እኔ ሕፃን ነኝ፣ አልዋሽም!»

ሰውየው በለጠ ይባላል። የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው፤ ሙሽራ አስቀምጦ ሳነቴ ላይ የሚቀርጽበት ነጭ ፈረስ ሊከራይ ነበር የመጣው። ዛሬም ሮቤ ውስጥ ሲያገኘኝ «ሲጋራ ምንድነው?» ይለኛል።

ያን ሰዓት ግን ሰላይ ነው፣ ከሰላይም ሰላይ። ምን እንደምጨምርለት ሳስብ ዓይኔ በጓሮው በር አመለጠ። ከጋጣው ጀርባ ጭስ ይወጣል። ቀጭን፣ ሰማያዊ፣ ከጉሙ ጋር የማይቀላቀል። አንዱ ፈረስ አስነጠሰ። የማድ ቤት ጭስ አይደለም፤ የማድ ቤቱን አውቀዋለሁ፣ እሱ እንደ ሰካራም ነው የሚወጣው። ይሄኛው የሲጋራ ነው። ሽታውም ደረሰኝ።

ዲኖ! የኋላውን አጥር ዘሎ ገብቶ ነዋ! ከጋሪው ወደቀ! ሰላዩ ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ፈርዶሳ መልስ እየጠበቀች፣ እሱ ጋጣ ጀርባ ቁጭ ብሎ እንደ እናቴ ማድ ቤት ያጨሳል!

ይሄ አንሶ የክላራ መኪና ጭቃ እየረጨ በራችን ላይ ቆመ። ክላራ ዘላ ወረደች፤ ሁሌም እንደቸኮለች ነው፣ የዲኖን ጣቶች ለማሽተት ተዘጋጅታ። እግሬ ሥር እሳት የነደደ መሰለኝ። ልሩጥ? ሰላዩ ይከተለኛል። በአማርኛ ልጩህ? ሰላዩ ይሰማል። በኦሮምኛ ልጩህ? ጎባ በሙሉ ይሰማል። አንድ ቋንቋ ቀረኝ።

የጓሮው በር ላይ ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ባለኝ ጉሮሮ ሁሉ ለቀቅኩት።

«ስታብ ኢት አውት! ስታብ ኢት አውት! ዩ ፌል ኦፍ ዘ ዋገን! ስታብ ኢት አውት!»

እግሬን መሬት ላይ አሽከረክራለሁ፣ እጄን አወራጫለሁ፣ ምራቄ ይረጫል። ክላራ እየሮጠች ገባች። «ሁ ኢዝ ስሞኪንግ?» ማን ነው የሚያጨሰው?

«ኖ ቦዲ!» አልኳት። «ዲኖ ኪክድ ዘ ሀቢት! ሂ ኪክድ ኢት ቬሪ ቬሪ ማች!»

ጭሱ ቀጥ አለ። እንደ ቧንቧ ተዘጋ።

ከጋጣው ጀርባ ብቅ ያሉት ሽማግሌው ናቸው። ካፖርታቸው ላይ ገለባ ተጣብቋል፣ ይስላሉ፣ ቅርንፉድ ያኝካሉ። ምስኪን፣ መጸዳጃ ቤቱን ሲፈልጉ በጩኸቴ አስደነገጥኳቸው አልኩ። በእኔ በኩል አላለፉም፤ በግድግዳው ጥግ ጥግ ዞረው እናቴ ጋ ደረሱ። ክብሪቱንም በእጄ አልሰጡኝም፣ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ልጅቷን ሐኪም አይቷታል ወይ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

«የእሷ ነገር ሐኪም አያውቀውም አባባ» አለች እማዬ።

ቀጭን ስለነበርኩ ያዘኑልኝ መሰለኝ።

ወዲያው ዲኖ በፊት ለፊቱ በር ገባ፤ የገብስ ጆንያ ተሸክሞ፣ ላብ በላብ። ሰውዬው አጥር ዘሎ፣ ሰፈሩን ዞሮ፣ ጆንያ አንሥቶ እንዴት ደረሰ? ተደነቅኩበት። ክላራ ጣቶቹን ነጥቃ አሸተተች። ምንም የለም። «ባርሊ» አለች። ገብስ። የሲጋራውን ሽታ በገብስ አሽቶ ማጥፋት! ይሄን ጥበብ አልነገረኝም ነበር።

ዲኖ ሽማግሌውን ሲያይ ጆንያው ከትከሻው ወረደ። ሮጦ እጃቸውን ሊስም አጎነበሰ።

«አሰላሙ አለይኩም ሀጂ! መቼ… ማን ነገረዎት… እዚህ…»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ለከብት ጉዳይ ነው፣ አላፊ ነኝ።» አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «አቁመሃል አሉ።»

«አቁሜያለሁ ሀጂ። ወላሂ።»

ሽማግሌው ወደ ጋጣው በኩል አዩ፣ ከዚያ ዲኖን ረጅም ጊዜ አዩት። «ከባድ ነው» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «ከባድ ነው ይላሉ» ብለው አስተካከሉት። እኔን ሰረቅ አድርገው እያዩ፣ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሚኒባስ ጋ ሄዱ።

ያን ሁሉ አይቼ፣ ያን ሁሉ ሰምቼ፣ አንድም ነገር አልገባኝም። ሀጂ ሲላቸው እንኳ አልነቃሁም፤ ጎባ ውስጥ ስንት ሀጂ አለ! እኔ የማየው ሰላዩን ነው። ሰላዩ ሻዩን ጨርሶ፣ ከዲኖ ጋር ስለ ነጭ ፈረስ ተስማምቶ ሲወጣ፣ በቃ ድል አደረግኩ አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከጊኒር መልስ መጣ። እሺ ተባለ። የኒካህ ቀን ከእማዬ ጋር ጊኒር ሄድን። ግቢው በሰው ጢም ብሏል፤ የሚታረደው በሬ ገመዱን እየጎተተ ይፎክራል። እኔም እየተሽሎከለኩ ወንዶቹ የተቀመጡበት በር ላይ ደረስኩ። ከሁሉም በላይ፣ ትራስ ተደርቦላቸው የተቀመጡት ማን ሆኑ? ያ ካፖርት፣ ያ ፂም። የሙሽራዋ አባት! ሲያዩኝ ቀኝ እጃቸው ወደ ካፖርታቸው ኪስ ሄደና ተመለሰ።

ጭሱንና ክብሪቱን፣ ቅርንፉዱንና ሳሉን አንድ ላይ የገጣጠምኩት ግን ጡት ሳወጣ ነው። ሲገጣጠምልኝ ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሣሁ። ማጣራት የመጡት ራሳቸው ናቸው፤ ሲያጨሱ የያዝኳቸው እኔ ነኝ! ሐጅ ያደረጉ፣ ዓለምን የዞሩ ነጋዴ፣ ያን ሁሉ እንግሊዝኛ ሰምተው «ይቺ ልጅ አይታኛለች፣ ነገ ጊኒር ድረስ ታሰማለች» ብለው ልጃቸውን ሰጡ። ሌላ ምን ይሆናል? ከዚያ ወዲህ ታሪኩን ላገኘሁት ሁሉ እነግራለሁ። እንግዳ ማረፊያው ሥራ ሲቀጥረኝም የነገርኩት ይሄንኑ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እነ ዲኖ ቤት ነበርኩ፣ እዚሁ ሮቤ። ዲኖ አሁን የአስጎብኚ መኪና ይነዳል፤ ሆዱ መሪውን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ፈርዶሳ ነርስ ሆናለች፤ ለሰኞ የምትለብሰውን ነጭ ጋውን ትተኩሳለች። እኔ ለትልቋ ልጃቸው ለኡሙሰልማ ታሪኩን እተርካለሁ፤ ቆሜ፣ እጄን እያወራጨሁ፣ «ስታብ ኢት አውት!» እያልኩ። ልጅቷ በሳቅ ትንፈራፈራለች። ዲኖም ይስቃል፤ እሱ ስንት ጊዜ ሰምቶት አይሰለቸውም።

«ስለዚህ» አልኩ ወደ ፈርዶሳ ዞሬ፣ «ያን ቀን እንግሊዝኛ ባልናገር ይሄ ቤትም የለም፣ ይቺ ልጅም የለችም።»

ፈርዶሳ ካውያውን አቁማ ቀና አለች። እሷ ስትስቅ አይታወቅባትም።

«አባዬ እሺ ያሉት እኮ ጊኒር ሳሉ ነው» አለች።

«መቼ?»

«ጎባ ከመሄዳቸው በፊት። እናቴ በሬውን ሁሉ አስመርጣ ነበር። ለሽማግሌዎቹ መናገር ብቻ ነው የቀረው።»

የዲኖ ሳቅ ግማሹ ላይ ቆመ። «እና እኔ ያን ሁሉ ጊዜ አረብ አገር…»

«ታዲያ ጎባ ምን ሊሠሩ መጡ?» አልኩ። «ሊያጣሩ አይደለም? ስለ ዲኖ ጠይቀውኛል!»

«ምን ብለው ጠየቁሽ?»

የጠየቁኝን በጣቴ ቆጠርኩ። ከዚህ ጀርባ ምን አለ? ሰው አለ? ክብሪት ስጪኝ።

«ሊያጨሱ ነው የመጡት» አለች ፈርዶሳ። «ጊኒር ላይ ማን ያስጨሳቸዋል? ከብት ገዢው ያውቃቸዋል፣ የመስጊዱ ሰው ያውቃቸዋል፣ ቤት ደግሞ እኛ አለን። የምናውቅ አይመስላቸውም ነበር። ‹የልጁን ጠባይ ላጣራ› ብለው ተሳፈሩ።»

እስከ በሩ ደርሼ ተመለስኩ። ነገር ሲጠፋብኝ እግሬ ይበላኛል።

«ይሁን» አልኩ። «ግን ሲጋራውን ያስጣልኳቸው በእንግሊዝኛዬ ነው። እሱን አትክጂኝም!»

«የምን እንግሊዝኛ? አባዬ አንድ ቃል አይሰሙም። የውሻ ሐኪሟ እየሮጠች ስትገባ፣ አንቺ ምራቅሽን እየረጨሽ ስትጮሂ አዩና ያበደ ውሻ የነከሳት ልጅ መስለሻቸው ነው።»